የተቆረጡት እምቡጦች

ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሹፌር፣ ልጁ ነገ ከሆስፒታል እንደምትወጣ ሲነገረው ቤቱን ከላይ እስከ ታች አጸዳ። አንሶላ ቀየረ፣ መስኮት ወለወለ። በመጨረሻም የአጥር መቀሱን ይዞ ወደ ደጅ ወጣ።

በልጅቷ መስኮት ሥር ራሷ የተከለችው ቁጥቋጦ አለ፤ ቅጠሉ ወፍራም፣ ክረምት ከበጋ የማይረግፍ። ጣት የምታህል ቅርንጫፍ ለምና አምጥታ በጣሳ ካጸደቀችው አራት ዓመቱ ነው፤ አንድም ቀን አብቦ አያውቅም። እሷ ከታመመች ወዲህ የሚነካው ጠፍቶ ተንጨባሮ ነበር። አባት ጫፍ ጫፉን ከርክሞ ኳስ አስመሰለው።

እናት ወጥታ መሬት የወደቀውን ስታይ ጮኸች።

"አንተ ሰውዬ፣ ምን ነካህ? እምቡጡን እኮ ነው የጨረስከው! ዘንድሮ ያብባል ብላ በስልክ ስንቴ ጠይቃኛለች!"

ጎንበስ ብሎ አንዱን አነሳ። ጫፉ ላይ ሽንብራ የምታህል አረንጓዴ ነገር አለች። ሐኪሙ ለሁለቱ ለብቻቸው፣ "ከእንግዲህ ቢበዛ ጥቂት ወራት ነው" ብሏቸው ነበር። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለ።

በማግስቱ ልጅቷ የእናቷን ትከሻ ተደግፋ ገባች። ቁጥቋጦው ጋ ስትደርስ ቆመች። ሻሿን አውልቃ፣ መድኃኒት የመለጠውን ራሷን ዳበሰች።

"አባዬ፣ እኔን እንዲመስል ነው የላጨኸው?"

ሊስቅ አፉን ሲከፍት ልቅሶ ቀደመው። "ላሳምርልሽ ብዬ ነው፣ የኔ እናት።"

"አውቃለሁ። በል፣ ወንበር አምጣልኝና ላስተምርህ።"

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ እሷ ተቀምጣ ታዛለች፣ እሱ ይሠራል። መቀስ የሚነካው አበባው እንደረገፈ ብቻ ነው። ሥሩ ውሃ አይተኛበትም፤ ደረቅ ቅጠል ይለብሳል።

አንድ ቀን፣ "ሲያብብ..." ብላ ጀመረችና ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳበች። ቆይታ፣ "ሲያብብ ለእማዬ ቁረጥላት። አትጠይቅህም እንጂ አበባ ነፍሷ ነው" አለች።

ያኔ ማንም ሳይነግራት ሁሉን እንደምታውቅ ገባው።

በአሥረኛው ሳምንት አረፈች።

ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ እናት ባሏን ደጅ ተንበርክኮ የቁጥቋጦውን ሥር ሲያለብስ አገኘችው። ከዚያ ከመቀሱ ቀን ጀምሮ ከ"ብላ" እና "ውሃ መጣ" በቀር አታናግረውም ነበር።

"ተነስ፣ ጉልበትህን ያምሃል።"

"ትንሽ ነው የቀረኝ።"

ተመልሳ አልገባችም። ከአጥሩ ሥር ደረቅ ቅጠል በቀሚሷ ሰብስባ መጣችና አጠገቡ ተንበረከከች።