የልብስ ሰፊው ፈተና

ልብስ ሰፊው ሴት ልጁን ማመን ካቃተው ሰነበተ። አንድ ሒሳብ በተሳሳተች ቁጥር ደብተሯን ቀድዳ የምታለቅስ የአስር ዓመት ልጅ፣ ኮምፒውተር ላይ ኮድ መጻፍ ከተማረች ወዲህ እንባዋ የት ገባ? ስክሪን ላይ ኳስ የምታነጥር ድመት ሠራሁ ብላ ስታሳየውም አልተዋጠለትም። "አስተማሪዋ ሠርቶላት ነው እንጂ ይቺ አልቃሻ ከየት አምጥታ" አለ በሆዱ።

እሱ አዲስ ሠራተኛ ሲመጣለት፣ ሠራተኛው ከሰፋው ላይ አንድ ቦታ ስፌቱን በምላጭ ይፈታና ሲጠግነው ቆሞ ያያል። ሙያ የሌለው እዚያ ላይ ይጋለጣል። ልጅቱም ሱቁ ውስጥ ላፕቶፗን ከፍታ ትታ እጇን ልትታጠብ ስትነሳ፣ ከጻፈችው መሃል አንድ መስመር አጠፋባት። ከዚያ ምንም እንዳላደረገ መቀሱን አንስቶ ሱሪ መቁረጥ ጀመረ።

ስትመለስ ድመቷ ንቅንቅ አልልም አለች። ልብስ ሰፊው በጎን እያየ ለቅሶውን ጠበቀ። ልጅቱ ግን ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ ከላይ ጀምራ ማንበብ ያዘች። አንዴ ሞከረች፣ አልሆነም። ደገመች፣ አሁንም አልሆነም። "እሺ፣ እዚህ ጋ አይደለም ማለት ነው" አለችና ወደ ታች ወረደች። በአምስተኛው ሙከራ የጎደለውን መስመር አግኝታ መልሳ ስትጽፈው ድመቷ ኳሷን አነጠረች።

አባት ዓይኑን ወደ ሥራው ሲመልስ፣ ጨርቁን ከልኩ ውጭ ቆርጦታል። ሊደብቀው ጠቅልሎ ከጠረጴዛው ሥር ወረወረው።

"አባዬ" አለች ልጅቱ ቀና ብላ፣ "ሌላ ጊዜ መስመር ስታጠፋብኝ ከበድ ያለውን አጥፋ። አሁን ጨርቁን አምጣውና የት ጋ እንደተሳሳትክ አብረን እንይ።"