አስካለ መጣች

የልጅ ልጇ የስም መለወጫ ቅጹን የስፌት መኪናው ላይ አስቀምጣ ቆመች። አያት መነጽሯን አድርጋ አነበበችው። «የቀድሞ ስም» በሚለው ፊት «አስካለ» ተብሎ ተጽፏል። «አዲስ ስም» የሚለው ገና ባዶ ነው።

«ስሜ ምን አደረገሽ?» አለች አያት።

«እማማ፣ አትቀየሚኝ፤ ያንቺን ስም ንቄ አይደለም። ጋራዡ በር ላይ ባለፍኩ ቁጥር ‹አስካለ! አስካለ!› ይሉኛል። ስሜን አውቀው እንዳይመስልሽ፤ ለእነሱ ሴት የተባለች ሁሉ አስካለ ናት። ክፍል ውስጥ ስሜ ሲጠራ እንኳ ወንዶቹ ይስቃሉ። ዛሬ መታወቂያ ሳወጣ በዚህ ስም አላወጣም።»

አያት ቅጹን ደግማ አየችው። ስሟን ለልጅቱ ያወጣላት ልጇ ነበር፤ ያን ቀን አያት በደስታ የምትሆነው ጠፍቷት ነበር። አሁን ቅጹ ከገባ ስሟ የሚቀረው በሥራ ፈት አፍ ላይ ብቻ ነው።

የነገሩን መነሻ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። በዚያ ጋራዥ ሠላሳ ዓመት የአውቶቡስ ወንበር ስትሰፋ ኖራለች፤ አርባ ወንድ፣ አንዲት ሴት። ብሎን እምቢ ባለ ቁጥር ከመካኒኮቹ አፍ የሚወጣው ስድብ ግድግዳ ያሳፍር ነበር። አንድ ቀን የወንበር ልብስ ታቅፋ ስትገባ ያን ሁሉ ሰማች። አለቃቸው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አለ። በማግሥቱ ትእዛዝ ሰጠ፤ በሩ አጠገብ ያለ ሰው እሷን ሲያይ ስሟን ጮክ ብሎ ይጥራ፣ ሌላው አፉን ይሰብስብ። ከዚያ ወዲህ «አስካለ!» ሲባል ጋራዡ ጸጥ ይላል። እሷም ደስ ይላት ነበር፤ ያቋረጡትን ወሬ መስማት ቢያምራትም።

ኋላ መለዋወጫ ልትገዛ የምትመጣዋም፣ ለባሏ ምሳ የምታደርሰዋም ስትገባ ያው ስም ይጠራ ጀመር። ለአዲስ ተቀጣሪዎች ምክንያቱን የነገራቸው የለም፤ ሴት ማለት መስሏቸው ያዙት። እሷ ጡረታ ስትወጣ አፍ መሰብሰቡ ቀረና ጩኸቱ ብቻ ተረፈ። ሾፌሮች ይዘውት ወጡ፣ ከተማው ተቀበላቸው። እሷ ግን ሰምታ እንዳልሰማች ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ኖረች። ዝምታዋ በዚህች ልጅ ላይ እንደሚወድቅ መች አሰበች?

«ቅጹን ያዢና እንሂድ» አለቻት።

ጋራዡ በር ላይ ጎማ የሚፈታ ጎረምሳ አያቸው። «አስካለ መጣች! ኧረ ሁለት ናቸው!»

«አቤት» አለች አያት፣ ወደ ውስጥ እየገባች።

ጎረምሳው ሳቀ። «እማማ፣ እርስዎን አይደለም።»

«እኔን ነው እንጂ። አስካለ እኔ ነኝ። ይህችም አስካለ ናት። ጠራኸን፣ መጣን። ምን ፈልገህ ነው?»

ጎረምሳው መፍቻውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። የሚፈልገው ነገር አልነበረውም።

ከአውቶቡስ ሥር አንድ ሽበታም መካኒክ ተንፏቆ ወጣና ቆቡን አወለቀ። «እትዬ አስካለ፣ እርስዎ ነዎት?» አለ። ከዚያ ወደ ጎረምሳው ዞረ። «ይህ ስም ሲጠራ እኛ አፋችንን ነበር የምንዘጋው።»

«ዘግታችሁም ወሬውን አስቀራችሁብኝ» አለችው አያት። ሽማግሌው ብቻ ሳቀ።

ውጭ ሲወጡ የልጅቱን ክንድ ያዘች። «እኔ ያኔውኑ አቤት ማለት ነበረብኝ። ስላላልኩ ይቅር በይኝ። አሁን ስሙ ያንቺ ነው፤ እንደወደድሽ አድርጊ።»

ልጅቱ መታወቂያ ወደሚወጣበት የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ይዛት አመራች። ጽሕፈት ቤቱ እስኪደርሱ ቅጹን ታጥፈዋለች፣ ትዘረጋዋለች።

«ስም?» አለ በመስኮቱ በኩል ወጣቱ ጸሐፊ።

ልጅቱ ቅጹን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «አስካለ።»

«አስካለ?» አለ ጸሐፊው፣ ሳቁ እያመለጠው።

«አቤት» አለችው፣ ዓይን ዓይኑን እያየች።

ጸሐፊው አቀርቅሮ ጻፈ።