የኩልመስክ ሸማኔዎች እሺታ

ላሊበላ አቅራቢያ ባለችው ኩልመስክ ስድስት ሸማኔዎች ሰብስቤ ስድስቱም ያለ አንዳች ክርክር እሺ ያሉኝ ቀን፣ አማካሪነት ለእኔ የተፈጠረ ሥራ ነው ብዬ አምኜ ነበር። ዛሬ ሳስበው ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

የትናየት እባላለሁ። ላሊበላ ውስጥ ስምንት ዓመት የሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነበርኩ። እንግዳ ጠፍቶ ሆቴሉ ሲዘጋ ቁልፉን ለባለቤቱ አስረከብኩና «የሆቴል ሥራ አማካሪ» የሚል ካርድ አሳተምኩ። አባቴ ካርዱን ገለባብጦ አየና «ምክርም በካርድ ሆነ?» ብሎ መለሰልኝ። ዓመት ሙሉ ካርዱን ከማደል በቀር ሌላ ሥራ አልነበረኝም።

የመጀመሪያዋ ሁነኛ ደንበኛዬ እትዬ ብርቄ ናቸው። አሥራ ሁለት ክፍል ያለውን ሆቴላቸውን አሳድሰው ለገና ሊከፍቱ ተነሥተው ነበር። እኔ ደግሞ ብርድ ልብስ ከአዲስ አበባ አያስመጡ፤ አልጋዎቹን ኩልመስክ በተሠራ የበግ ጠጉር ባና ያልብሱ፤ እንግዳ የሚሻው እዚሁ አገር የተሠራውን ነው ብዬ መከርኳቸው። ምክሬን ወደዱት።

«ግን ገና ደርሶ አልጋዬ ራቁቱን ቢያድር» አሉኝ፣ «በዚህ ከተማ ሁለተኛ ሰው አትመክሪም። እኔው ራሴ አስወራልሻለሁ።»

ላሊበላ ትንሽ ከተማ ናት፤ እትዬ ብርቄ ጠዋት ያወሩት ለምሳ ሁሉም ቤት ይደርሳል። ቢሆንም ደፈር ብዬ፣ ከገና በኋላ በቋሚነት ያሠሩኝ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ፈገግ ብለው «እሺ የኔ ልጅ» አሉኝ። እየፈነጠዝኩ ወጣሁ።

ጥቅምት ላይ ኩልመስክ ሄድኩ። የሸማኔዎቹ ታላቅ አባባ አረጋ ግቢያቸው ውስጥ አስቀመጡኝ፤ ቆሎና ጠላ ቀረበልኝ። ወረቀቴን አውጥቼ እያንዳንዳችሁ ሁለት ሁለት ባና ለገና ትሠራላችሁ ብዬ አነበብኩላቸው። እሺ አሉኝ። ካርዴን አደልኳቸው፤ መርቀው ሸኙኝ። አንድም ሰው አንድም ጥያቄ አልጠየቀኝም። ይህን እንደ ጉብዝናዬ ቆጠርኩት።

ኅዳር ሲያልቅ ደወልኩላቸው። አባባ አረጋ «እሺ ልጄ፣ እግዜር ያውቃል» አሉኝ። መልሱ አላማረኝም። በማግስቱ ሚኒባስ ይዤ ስደርስ ሸማኔዎቹ በሙሉ ጋቢ እየሠሩ ነው። የባና ወሬ የለም።

«አባባ አረጋ፣ እሺ ብለውኝ አልነበረም እንዴ?»

«ብለንሻል እንጂ። በራችን ድረስ የመጣን እንግዳ እንቢ እንበለው? ወረቀት ይዘሽ መጣሽ፤ ቀመስሽ፤ ተመረቅሽ፤ ሄድሽ። ስለ ርዝመቱ አልተጨቃጨቅሽን፣ ዋስ አልጠራሽ። እኛማ ሸማኔ ቁጠሪ ተብለሽ የተላክሽ ነበር የመሰልሽን።»

አፈርኩ፤ ያውም ክፉኛ። አባቴ ለሰፈሩ ሰው ሁሉ ዋስ ሲሆን እያየሁ ነው ያደግኩት። እኛ ዘንድ ሰው ከልቡ ሊሠራ ሲያስብ መጀመሪያ ይጨቃጨቃል፣ ቀጥሎ ዋስ ይጠይቃል። ካርድ ካሳተምኩ ወዲህ ግን ይህን ሁሉ ረስቼው ነበር። የእትዬ ብርቄም «እሺ የኔ ልጅ» ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እሳቸውም ያሉኝ ለእንግዳ የሚባለውን ነበር።

«አሁን ዋስ ባመጣስ?» አልኳቸው።

«ማንን ታመጫለሽ?»

ወደ ገበያው ሮጥኩ። ከሙጃ የበግ ጠጉር እያመጡ የሚነግዱት ጋሽ አብዱልጀባር እዚያ አሉ። ላሊበላ ቅዳሜ ገበያ ሲመጡ ጭነታቸውን እኔ ዘንድ፣ ሆቴሉ መግቢያ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ነገሩን ስነግራቸው ጥያቄ እንኳ ሳይጨምሩ ተከትለውኝ መጡ።

«ስምንት ዓመት ሙሉ ንብረቴን እሷ ዘንድ ሳኖር አንዲት ክር አልጎደለችብኝም፣ ወላሂ» አሏቸው ለሸማኔዎቹ። «ዋሷ እኔ ነኝ። የተፈተለ ጠጉርም አለኝ።» ወደ እኔ ዞረው ደግሞ «አብሽሪ» አሉኝ።

አባባ አረጋ የሚሠሩትን ጋቢ ትተው ተነሡ።

«ርዝመቱ ስንት ክንድ ነው?»

«አራት።»

«አራት? የሚተኛበት ሕፃን ነው እንዴ? ደግሞ መካከል ላይ ሚካኤል አለ፣ ገብርኤል አለ፣ ማርያም አለች፤ እነዚያን ቀኖች እጃችንን አናነሣም። ይህን ቆጥረሻል?»

አልቆጠርኩም ነበር። ሌላው ሸማኔ ጥቁር ጠጉር ካልሆነ አልነካም አለ። ሦስተኛው ይህች ልጅ ልትጫወትብን ነው ብሎ ተቆጥቶ ወጣ፤ ጥቂት ቆይቶ ተመለሰና ከመጀመሪያው የባሰ ተቆጣ። እኔም ጮኽኩ። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ተጨቃጨቅን። በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል ግን ከደወልኩበት ሰዓት ጀምሮ ተቆልፎ የነበረው ትከሻዬ ተፍታታ። ተርፌያለሁ። እየተጣሉኝ ነው፤ ስለዚህ ሊሠሩልኝ ነው።

ገና ሳምንት ሲቀረው አሥራ ሁለቱ ባና በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ተጭነው ገቡ፤ ስድስት ስድስት ክንድ፣ በግ በግ የሚሸቱ። እትዬ ብርቄ አንዱን ዳበሱ፣ አነጠሱ፣ «ይሁን» አሉ። በገና ሰሞን ሆቴሉ ሞልቶ አደረ፤ በርዶኝ ነበር ያለ እንግዳም አልተገኘም።

በዓሉ ሲያልፍ የቋሚ ሥራ ውሌን ጽፌ እሳቸው ዘንድ ሄድኩ። «እሺ የኔ ልጅ» እንዳይሉኝ ፈርቼ ነበር። መነጽራቸውን አጠለቁና ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግተው አነበቡ። ፊታቸው ጠቆረ።

«ዓመት ሙሉ ለምንድን ነው? ክረምቱን እንግዳ በሌለበት ምን ልትመክሪኝ ነው? ሰኞ ሰኞ እመጣለሁ ያልሽውስ ምን ማለት ነው? ሰኞ አይመቸኝም። ደግሞ ዋስሽ ማነው?»

እፎይ አልኩ። ወንበሬን ወደ ጠረጴዛቸው አስጠጋሁና እኔም ለክርክሩ ተመቻችቼ ተቀመጥኩ።