ሊፍት የማያስፈልገው ዓይን

የሰዓት ሠሪውን ሁለቱንም ዓይኖች ሞራ ጋርዷቸዋል። ባለፈው ሳምንት የደንበኛ ሰዓት ሲገጥም ብሎን ያስገባ መስሎት የዳቦ ፍርፋሪ አስገባ። ይበልጥ ያስደነገጠው ግን ሰዓቱ ሦስት ቀን ሙሉ በትክክል መሥራቱ ነው።

የዓይን ሐኪሙ ጠዋት በትልቁ ሆስፒታል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከጫማ መደብር በላይ ባለች ትንሽ ክሊኒክ ይሠራል። ሰዓት ሠሪው የሁለቱን ዋጋ ሲሰማ ጆሮውንም ሊያስመረምር ምንም አልቀረው። ሆስፒታሉ አንድ ዓይን በሚሠራበት ገንዘብ ክሊኒኳ ሁለቱንም ትሠራለች። ያለውም ያችው ገንዘብ ብቻ ናት።

«እጅዎ ሆስፒታል ሲሄድ ይለወጣል እንዴ፣ ዶክተር?»

«እጄማ ያው እጄ ነው። እዚያ አልጋውን፣ አዳሩን፣ ሊፍቱን ሁሉ እርስዎ ይከፍላሉ። ልብዎ የሚያሰጋ ቢሆን እዚያ ይሁን እል ነበር። ደህና ስለሆኑ ግን ተሠርተው ያኑ ዕለት ቤትዎ ይገባሉ።»

«ታዲያ ዓይኔ ሊፍት ምን ያደርግለታል!»

ችግሩ እትዬ ናት፤ እናታቸው ከሞቱ ጀምሮ ያሳደገችው ታላቅ እህቱ። ደረጃ ስትወጣ ክንዱን ጥርቅም አድርጋ ይዛ፣ መንገድ ስትሻገርም እንደዚያው፣ ዛሬም እንደ ሕፃን ትመራዋለች።

«ከጫማ ቤት በላይ? ዓይንህን ሊያክሙህ ነው ወይስ ሶል ሊቀይሩልህ? ጠያቂ ሲመጣ የት ይቀመጥ? በክብር የተሠራ አንድ ዓይን ይበቃሃል!»

ዕድሜው ሃምሳ ስምንት ቢሆንም እትዬን ይፈራታል። «እሺ፣ ሆስፒታሉ ይሁን» አላትና ቀጥ ብሎ ክሊኒክ ሄደ። ቀኝ ዓይኑ ሃያ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ዓይኑን እንደታሰረ ቤቱ ተቀምጦ ደረቅ ዳቦ ያኝካል። እትዬ ሆስፒታል ሄዳ ስታጣው የምትለውን እያሰበ ዳቦው አልወርድ አለው። እኩለ ቀን ላይ በሩ ተበረገደ። እትዬ ናት፣ ባዶ ፔርሙዝ ይዛ።

«እትዬ!»

ድምፁን ስትሰማ ክው አለች። «አንተ! ከአልጋህ ማን አስነሳህ? ትራስህን ልወስድልህ መጥቼ! አሁን ሾርባ አጠጥቼህ፣ እግርህን አሽቼህ አይደል የወጣሁት?»

«የማንን እግር?»

«ያንተን ነዋ! መስኮቱ ጋ፣ ዓይኑ የታሰረው…» ድምጿ እየቀነሰ ሄደ። «ፀጉርህን የላጩህ መስሎኝ እኮ አለቀስኩ።»

«ሰውየው ምንም አላለሽም?»

«ትንሽ ጨው ይጎድለዋል አለኝ።»

ሰዓት ሠሪው በሳቅ ፈረሰ። የክሊኒኩንም ነገር እዚያው ተናዘዘ። እትዬ «ዓይን አውጣ!» እያለች ስታወርድበት ሳቁ ድንገት ቆመ። ያሳደገችውን ልጅ ከመላጣ ሰውዬ መለየት አቅቷታል። ሦስት ጣቱን አነሳ።

«እትዬ፣ ስንት ነው?»

«ጣት መቁጠር ልታስተምረኝ ነው?» ብላ ወደ መስኮቱ ዞረች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ቆይቷል» አለች ቀስ ብላ። «መጀመሪያ አንተ ዳን ብዬ ነው። አንተ ሰዓት ትሠራለህ። እኔ ምን ልሠራበት?»

ለካ ያን ሁሉ ዓመት ክንዱን የምትይዘው ልትመራው አልነበረም።

በሳምንቱ ደረጃውን አብረው ወጡ።

«ሁለተኛው ዓይን ዝግጁ ነው?» አለ ሐኪሙ።

ሰዓት ሠሪው እትዬን ወደ ፊት ገፋ አደረጋት።

«አበድክ? ግራ ዓይንህስ?»

«ሰዓት የሚሠራው በአንድ ዓይን ነው። ግራውን ድሮም ጨፍኜው ነው የምሠራው።»

በማግስቱ ክሊኒኳ ውስጥ ፋሻዋ ሲፈታላት መጀመሪያ ያየችው እሱን ነው። አፍጥጣ ቀረች።

«ፀጉርህ መቼ ነው እንዲህ የሸበተው?»

«ፊትሽ ቁጭ ብዬ ነዋ።»

እንባዋ መጣ። ሐኪሙ ዓይንዎን እንዳይነኩ ስላላት መጥረግ አልቻለችም፤ ስለዚህ ተቆጣች። «ማበጠሪያ የለህም? ሰው እንዲህ ሆኖ ይወጣል?» እያለች፣ ክንዱን ሳትይዝ፣ ደረጃውን ከፊቱ ወረደች።