ባዶ የተባለው ሳጥን

ተፈታኟ ክው ብላ ቀረች። ሳጥኑ ጮኸ! ጉድ በሉ፤ የታሸገው፣ ባዶ ነው ተብሎ የተፈረመበት የድምፅ መስጫ ሳጥን ከሆዱ ውስጥ ስልክ ይጠራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምርጫ አስፈጻሚዎች ስልጠና ሲያልቅ የተግባር ፈተና አለ። ክፍሉ ምርጫ ጣቢያ ይሆናል፣ ሰልጣኞቹ መራጭና ታዛቢ፣ ተፈታኟ የጣቢያው ኃላፊ። ያለፈ ቋሚ ሥራ ያገኛል። ፈታኙን አንዴ የያዘውን ስለማይለቅ «ማኅተም» ይሉታል። የተፈታኟ እናት በዚያው ጠዋት ሌላ ከተማ ለቀዶ ጥገና ገብታለች፤ ታላቅ ወንድሟም «እንደወጣች እደውላለሁ» ብሏታል። ማኅተም ይህን ሲሰማ አንጀቱ ራርቶ ስልኳን እንድትይዝ ፈቀደላት። የሌሎቹ ውጪ ቀረ።

ሳጥኑን ለታዛቢዎች ስታሳይ ታችኛው ጥግ ጨለመባቸው። «እስቲ አብሪበት» አሏት። የስልኳን መብራት አብርታ ውስጡ አስቀመጠችው። ሁሉም አንገቱን እያሰገገ አየ፣ «ባዶ ነው!» አለ፣ ፈረመ። ማኅተምም ፈረመ። እሷም ላብ በላብ ሆና ክዳኑን ገጥማ አሸገችው። ስልኩን ማንም ልብ አላለውም።

አሁን ይጮኻል።

«ኧረ በፈጣሪ!» አለች ከሰልፉ አንዷ። ሌላው «ሳጥኑም ተመዝግቧል እንዴ?» ብሎ ቢቀልድ የሳቀለት የለም። የተፈታኟ እጅ መቀስ አንስቷል።

ማኅተም ጠጋ አለ። «ምን ልታደርጊ ነው?»

«የእናቴ ነገር ነው!»

«አውቃለሁ። የእኔን ስልክ ላምጣልሽ?»

«የወንድሜን ቁጥር በቃሌ አላውቀውም። ቁጥሩም እዚያው ውስጥ ነው።»

ማኅተም ፊቱ አመድ መሰለ። ሳጥኑ ውስጥ የሰው ምርጫ ገብቷል፤ ከመዝጊያ ሰዓት በፊት ለማንም አይከፈትም። ስልኩ ጮኾ ጮኾ ዝም አለ። እናቷ ሞተች ማለት ነው? መቀሱን አስቀመጠች።

«ቀጣይ መራጭ» አለች፣ እንባዋ እየወረደ።

ስልኩ ደጋግሞ ጮኸ። በጮኸ ቁጥር ሰልፉ ደርቆ ይቀራል፣ እሷም ጠረጴዛውን ጨብጣ ትቆማለች።

መዝጊያው ሲደርስ በሁሉም ፊት ቆርጣ ከፈተችው። ስልኩ ወረቀት ተከምሮበት አሁንም ያበራል። አንስታ ወንድሟ ጋ ደወለች።

«አንቺ ልጅ!» እናቷ ራሷ ናት፣ ድምፅዋ ሰልሎ። «የተቀደድኩት እኔ፣ የጠፋሽው አንቺ? ምን ሆንሽብኝ ብዬ ልሞት ነበር እኮ!»

ወለሉ ላይ ዘጭ ብላ እንደ ሕፃን አለቀሰች።

ማኅተም ዓይኑን ጠራረገና፣ «እንኳን ደስ ያለሽ» አላት። «ፈተናውን ግን ወድቀሻል።»

«ምን? ሳልከፍተው!»

«ከፍተሽው ቢሆን ዳግም የመፈተን ዕድል እንኳ አይኖርሽም ነበር። ባዶ ያልሆነውን ባዶ ብለሽ ስላሸግሽ ሰኞ ትደግሚያለሽ።» ከዚያ አጠገቧ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። «እኔስ ስልኩ ዓይኔ ሥር እያበራ ፈርሜ የለ? ሰኞ አብረን እንፈተናለን። ሌላ ፈታኝ ይፈለግልን።»