ሾርባ ቀድሞ የሚቀርብለት ሰው

ሠላሳ አንድ ዓመት ካናዳ ውስጥ፣ ከቫንኩቨር ደሴት መኪና በሚያሻግር መርከብ ሞተር ክፍል ውስጥ ሠርቻለሁ። ዕድሜዬን ውሃ ላይ ጨረስኩ እንጂ ጭንቅላቴን ውሃ ውስጥ ከትቼ አላውቅም፤ የሚያስከትት ጉዳይም አልነበረኝም። ባለቤቴ ኦፓል ግን ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ከጓደኛዋ ከሩት ጋር የአየር ጋን አዝላ ባሕር ትጠልቃለች። እኔ መኪና ውስጥ ጋዜጣዬን ዘርግቼ እጠብቃለሁ። ሁላችንም በዚህ ተስማምተን ስንኖር፣ ዘንድሮ የሩት ጉልበት እምቢ አለና መጥለቅ ተወች።

እኛ አገር ብቻውን የሚጠልቅ ሰው እብድ ነው። ኦፓል የመጥለቂያ ልብሷን ጋራዥ ውስጥ ሰቀለችውና ስለ ነገሩ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። እኔን ያስጨነቀኝ ይሄ ነው፤ ኦፓል ዝም የምትል ሴት አይደለችም። ሦስት ሳምንት ታገስኩ። ከዚያ በስልሳ አራት ዓመቴ ወደ ዳርሲ የጠላቂዎች ማሠልጠኛ ሄጄ ተመዘገብኩ።

ዳርሲ ገና ሠላሳዎቹን ያላጋመሰች፣ ድምጿ ግን ሞተሬን የሚያስንቅ ሴት ናት። መጀመሪያ ያስተማረችን መተንፈስን አልነበረም። ማንም ሰው፣ በፈለገው ሰዓት፣ አውራ ጣቱን ወደ ላይ ካነሳ ሁሉም ሰው ይወጣል፤ ለምን ተብሎ አይጠየቅም አለችን። ከማሠልጠኛው አጠገብ ካለችው ምግብ ቤት ጋርም ደንብ አላቸው። በዕለቱ አውራ ጣቱን ላነሳ ሰው ሾርባ ቀድሞ ይቀርብለታል፤ እሱ የመጀመሪያውን ማንኪያ ሳይውጥ ሌላው አይነካም። እኔ በሆዴ ይሄ ለፈሪ የተዘጋጀ ማባበያ ነው ብዬ ሳቅኩ።

የመጨረሻው ልምምድ ጥቅምት ውስጥ አንድ ዝናባማ ቅዳሜ ላይ ዋለ። ካለፍኩ የኦፓል የመጥለቂያ ጓደኛ እሆናለሁ፤ ከወደቅኩ ልብሷ እዚያው ጋራዥ ውስጥ ይቀራል። ዳርሲ ለዚያ ቀን ጓደኛዬ ኦፓል እንድትሆን ፈቀደችልን።

የኛ ባሕር በረዶ ነው፤ የምንለብሰው ውሃ የማያስገባ ልብስ ነው። ዚፑ በጀርባ ከትከሻ እስከ ትከሻ ስለሚሄድ የለበሰው ሰው አይደርስበትም፣ ጓደኛው ነው የሚዘጋለት። የኦፓልን ስዘጋ ፍርሃቴን ለመሸፈን ጎረቤታችን ጀልባውን ስለቀባበት አስቀያሚ ቀለም እለፈልፍ ነበር።

«ዘጋህልኝ?» አለችኝ።

«ዘግቼልሻለሁ።»

ዳርሲም መጥታ ጠየቀችኝ። ለእሷም ተዘግቷል አልኳት።

ከዳርሲ ጋር አሥራ ሁለት ሜትር ወረድን። የታዘዝኩትን ሁሉ ሠራሁ። የዓይን መሸፈኛዬን አውልቄ በዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ፊቴን አስመታሁ፣ መልሼ አጠለቅኩ፣ በአፍንጫዬ ተንፍሼ ውሃውን አስወጣሁ። የቀረን ትንሽ መዘዋወር ብቻ ነበር። ኦፓል አንድ ድንጋይ ሥር ደርሳ በእጇ ጠራችኝ። የተበላ ሸርጣን ቅርፊት ከደጁ ተከምሯል፤ ከውስጥ የባለ ስምንት እግሩ የባሕር አውሬ፣ የኦክቶፐስ፣ አንድ ክንድ ይታያል። ቆንጆ ነበር፣ አልዋሽም። እሱን እያየሁ ሳለ ትንፋሼ ፈጠነብኝ።

ምክንያት የለውም። ከላዬ ያለው ውሃ ድንገት ትዝ አለኝ፣ በቃ። መተንፈሻውን ከአፌ አውጥቼ መጮህ አማረኝ። አምስት ደቂቃ ብቻ ቻል አልኩ ራሴን። ጋራዥ የተሰቀለውን ልብስ አሰብኩ። ከዚህ በኋላ ቅዳሜን ቤት ስትውል፣ እኔም አላየሁም ብዬ ጋዜጣ ውስጥ ስደበቅ ታየኝ። ደግሞም አፈርኩ፤ ከሁሉ የከፋው ሐፍረቱ ነበር። ከዚያ እጄን ሳየው አውራ ጣቴ ተነስቷል።

ኦፓል ጣቴን አንስቼ ሳልጨርስ የራሷን አነሳች። በትዳር ዘመናችን እንዲህ በፍጥነት ስትታዘዘኝ የመጀመሪያዋ ነበር።

ቀስ ብለን ወጣን፤ የጠላቂ ደንብ ስለሆነ በመሀል ቆመን ሦስት ደቂቃ ጠበቅን። ትንፋሼ ተመለሰ፣ ሐፍረቴ ግን አብሮኝ ወጣ። ዳርቻው ላይ ማንም ምንም አልጠየቀኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ኦፓል እግሯን እየጎተተች ነው የወጣችው። ይቅርታ አልኳት፤ ጥርሷ ይንገጫገጫል። ዚፑን ልከፍትላት ከኋላዋ ዞርኩ።

አራት ጣት ያህል ተከፍቶ ነበር።

ልብሱን ስናወልቀው ውሃው ከእግሯ ሥር እንደ ባልዲ ተገለበጠ። ከውስጥ የለበሰችው ሱፍ ሁሉ ይንጠባጠባል። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል።

«መቼ ነው የገባብሽ?»

«ገና ስንወርድ።»

«ታዲያ ጣትሽን ለምን አላነሳሽም?»

«እኔ ካስወጣሁህ ተመልሰህ የምትገባ አልመሰለኝም» አለች። «ትንሽ ነው የቀረው ብዬ ቻልኩት። ስታነሳው፣ ዌንደል፣ ልስምህ ነበር።»

ተናደድኩ፣ ደነገጥኩ፣ ከዚያ እዚያው እርጥብ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። አምስት ደቂቃ ቻል ብዬ ነበር። ብችለው ኖሮ ሚስቴ ከጎኔ እየደነዘዘች አውሬ ታሳየኝ ነበር። በገዛ እጄ ክፍት የተውኩትን ፍርሃቴ አረመልኝ፤ ዕንባዬ መጣ፣ ዝናቡ ሸፈነልኝ።

ዳርሲ ኦፓልን በብርድ ልብስ እየጠቀለለች ቁጣዋን አወረደችባት። ሠላሳ ዓመት ጠልቀሽ የጀማሪ ሥራ ትሠሪያለሽ፣ ደንቡን ለእሱ ያስተማርኩት አንቺ እንድታፈርሺው ነው ወይ አለቻት። ኦፓል እንደ ተማሪ አንገቷን ደፍታ ሰማች። ከዚያ ዳርሲ ወደ እኔ ዞረች። ዚፑን ሃምሳ ጊዜ እንደምታስዘጋኝ፣ ሁለተኛ ሳላይ ተዘግቷል ብል ዕቃዬን ወደ ባሕር እንደምትወረውር ነገረችኝ። የማለፊያ ወረቀቴን እንድትፈርምልኝ አልሰጠኋትም ነበር፤ ራሷ ከቦርሳዬ አወጣችውና ፈረመችበት።

«ወደቅኩ አይደል?» አልኳት።

«መልመጃህን ጨርሰሃል፣ ሰዓቱም ሞልቷል። ዛሬ ከሦስታችን ደንቡን የጠበቅከው አንተ ነህ። እኔ እንኳ ዚፑን በዓይኔ ማየት ሲገባኝ በጆሮዬ ነው ያየሁት።»

ምግብ ቤቷ ውስጥ ወፍራሙ የዓሣ ሾርባ ቀጥታ እኔ ፊት መጣ። ኦፓል በሁለት ብርድ ልብስ ተጠቅልላ ከአጠገቤ ትንቀጠቀጣለች። ሳህኑን ወደ እሷ ገፋሁት፤ ዳርሲ መልሳ ወደ እኔ ሳበችው።

«ብላ እንጂ ሰውዬ» አለች ኦፓል። «በርዶኛል።»

ሾርባው ይፋጃል። ሳልጠብቅ ትልቁን ማንኪያ ሞልቼ ዋጥኩት፣ ምላሴ ተላጠ። የኦፓል ሳህን ወዲያው መጣላት። በሁለት እጇ አቅፋ እንፋሎቱን ፊቷ ላይ አደረገችና ቀና ሳትል የሚመጣው ቅዳሜ ስንት ሰዓት እንደምንነሳ ጠየቀችኝ።