ያፏጫል

ሰውየው እናትና አባቱ ያወጡለት ስም አለው፤ ጋራዡ ውስጥ ግን በዚያ ስም የሚጠራው የለም። ሁሉም ሰው «ጆሮ» ነው የሚለው። ሠላሳ ሁለት ዓመት መካኒክ ሆኖ ሲኖር መፍቻ ከማንሳቱ በፊት ማዳመጥ ልማዱ ነው። ኮፈኑን ያስከፍትና አንገቱን ሰበር፣ ዐይኑን ጨፈን አድርጎ ትንሽ ይቆያል። ከዚያ «ሁለተኛው ቫልቭ ነው» ይልና እጁን ኪሱ ከትቶ ይሄዳል። ሲፈቱት ሁለተኛው ቫልቭ ሆኖ ይገኛል። እንዲህ ያለ ሰው ትንሽ ቢኮፈስ አይፈረድበትም፤ እሱ ግን በትንሹ አልነበረም የሚኮፈሰው። «ሳይሰማ የሚፈታ መካኒክ ደንቆሮ ነው» እያለ ስንቱን ባለሙያ በሰው ፊት አሸማቋል። ኑሮውም ክብሩም ያቺው ጆሮው ነበረች።

የዚያን ዕለት ረፋዱ ላይ አንድ የተማሪዎች ሰርቪስ ሾፌር መኪናውን ይዞ መጣ። በዚያ ሳምንት ሲመጣ ሦስተኛ ጊዜው ነው።

«ጋሼ፣ ፍሬን ስይዝ አሁንም ያፏጫል» አለው።

ጆሮ ሾፌሩን አጠገቡ አስቀምጦ መሪውን ራሱ ጨበጠና ሰፈሩን ሁለት ጊዜ ዞረ። እየነዳ ፍሬን ይይዛል፣ ያዳምጣል፤ ይይዛል፣ ያዳምጣል።

«ይኸው! አሁን!» አለ ሾፌሩ።

«ይሄማ የመንገዱ አሸዋ ነው።»

«ለማንኛውም ጎማውን ፈተን ብናየውስ?»

«ሰማሁት አልኩህ እኮ! ምንም የለውም። የሚያፏጨው አንተው ሳትሆን አትቀርም። ሂድ፣ ልጆችህን ጫን።»

ጆሮ ምንም የለውም ካለ በኋላ ማን ይከራከራል? ሾፌሩ አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ጆሮ በዚያ ላይ ቸኩሎ ነበር፤ ሚስቱ ከሰዓት በኋላ የቡና መቁያ ማሽን እንምረጥ ብላ ስለቀጠረችው የቀኑን ሥራ ቀድሞ መጨረስ ነበረበት።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ የምትሠራው ሳሎናቸው ጥግ ላይ ሆና ነው። ቡናዋን ራሷ ካልቆላችው አይጥማትም። መጥበሻውን ምድጃ ላይ ትጥድና «አንድ እጅጌ ብቻ ልግጠም» ብላ ትቀመጣለች፤ ስትነሳ ቡናው ከሰል ሆኖ ይጠብቃታል። በዚያ ወር ብቻ አራት ጊዜ አሳርራለች። በአራተኛው ከላይኛው ፎቅ ያሉት ጎረቤት ባልዲ ሙሉ ውኃ ይዘው ሲሮጡ በር ላይ ከእሷ ጋር ተገጣጠሙ። ከኀፍረቷ ብዛት ራሱን በራሱ የሚያቆም ማሽን ካልገዛሁ ብላ ማለች። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስታነብ፣ ስትጠይቅ ከረመች። ጆሮ ግን «ሞተር ያለው ነገር ሁሉ የእኔ ጉዳይ ነው፤ አንቺ ዝም ብለሽ ተከተይኝ» አላት። እሷም ተከተለችው፤ ከለመደችው ቆይታለች።

ሱቁ አንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ግድግዳው ሥር ጥሬ ቡና የያዙ ከረጢቶች ተደርድረዋል፤ መሐል ላይ ረጅም ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ሦስት ማሽኖች። ሻጯ ሽርጥ የታጠቀች ሴት ናት፤ ስታወራ አትቸኩልም፣ ደንበኛም አትለማመጥም።

«ይህ በሙቅ አየር ነው የሚቆላው» አለች የመጀመሪያውን እየነካች። «ፈጣን ነው፤ ገለፈቱንም ራሱ ይለያል። ግን ባንዴ የሚይዘው ሁለት እፍኝ ብቻ ነው፤ ድምፁም የፀጉር ማድረቂያ ድምፅ ነው። ሁለተኛው ከበሮ አለው። ቀስ እያለ እያዞረ ይቆላል፣ ሲበቃው ራሱ አውጥቶ ያቀዘቅዛል። ከባድ ነው፤ ቦታም ይፈልጋል።»

«ጭሱስ?» አለች ሚስቱ።

«ጭስ የሌለው ቡና መቁላት የለም፣ እትዬ። አለ የሚልዎት ካለ ዋሽቷል። ይህኛው ይቀንሳል፤ መስኮት አጠገብ ያድርጉት።»

ሚስቱ ሻጯንም ማሽኑንም ወደደቻቸው። ሻጯ ሁለተኛው ማሽን ውስጥ አንድ ስኒ ጥሬ ቡና ጨመረችና አበራችው። ከበሮው ዞረ፤ ቡናው ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ ቡናማ ሄደ። «አሁን ይንጣጣል» አለች። «መጀመሪያ ጠንከር ብሎ ነው፤ ከዚያ ጋብ ይልና ሁለተኛው ይመጣል። ሁለተኛው ስስ ነው። እሱን ከሰሙ በኋላ ማቆየት ማሳረር ነው።» ትንሽ ቆይታ ጣቷን ቀሰረች። «ይኸው፣ ሁለተኛው ጀመረ።»

«ሰማሁት» አለች ሚስቱ ደስ ብሏት።

«እኔም» አለ ጆሮ። እውነቱን ለመናገር አልሰማም ነበር። ግን መሰማት ያለበትን ነገር ስለሚያውቅ ሰማሁ ማለቱ ውሸት አልመሰለውም። ከዚያ ትዕግሥቱ አለቀና እጁን አነሳ። «ወሬውን ተዉት፤ ማሽን የሚመረጠው ሞተሩ ተሰምቶ ነው።»

የመጀመሪያውን አስነሳ፤ «ይሄ ይጮኻል» አለ። ወደ ሁለተኛው ጎንበስ አለ፤ «ይሄ ከበሮው ይንገራገጫል፤ ክፉ አይደለም።» ሻጯ ስለ ሦስተኛው አንድ ነገር ልትል አፏን ስትከፍት እሱ ማብሪያውን ተጭኖታል። ጉንጩን አስጠግቶ፣ ዐይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። ፊቱ በፈገግታ በራ።

«ይኸውልሽ! ማሽን ማለት ይሄ ነው! ጸጥ ያለ፤ ኩሽኔታው ሐር ነው። የምንወስደው ይሄንን ነው።»

ዘወር ሲል ሚስቱ ሁለት ጆሮዎቿን በመዳፎቿ ደፍና ፊቷን አጨማዳለች። ሻጯም ጥርሷን ነክሳለች።

«አጥፋው! አንተ ሰውዬ፣ አጥፋው እባክህ!»

«ምኑን?»

«ጆሮዬን ሊበጥሰው ነው እኮ!»

ጆሮ ሳቀ። ሴቶቹ ሲቀልዱበት መሰለው። ሻጯ ግን አልሳቀችም፤ «ጋሼ፣ የምርዎን ነው?» አለችው። ያን ጊዜ ተናደደ። «ተማክራችሁ ነው? እኔን? እኔን ነው ስለ ሞተር የምታሾፉብኝ?»

 ሻጯ ማሽኑን አጠፋችና በሁለት እጇ አዙራ ጀርባውን አሳየችው። ጀርባው ላይ በወፍራም ብዕር የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፦ «ያፏጫል። ተመላሽ።»

«ትናንት ነው የለጠፍኩት» አለች። «ከጠረጴዛው ሳላነሳው ቀረሁ። ልነግርዎት ስል ቀደሙኝ።»

ጆሮ ወረቀቱን አነበበው። እንደገና አነበበው። ሰው ተማክሮ ሊያሾፍበት ይችላል፤ ትናንት የተለጠፈ ወረቀት ግን ከማን ጋር ይማከራል? ከጠረጴዛው ላይ የብረት ማንኪያ አነሳ፤ ሞተር ላይ እንደሚያደርገው አንዱን ጫፍ ማሽኑ ላይ፣ ሌላውን ከጆሮው ጀርባ አጥንቱ ላይ ደገነና ማብሪያውን ተጫነ። የሞተሩ ወፍራም ጉምጉምታ አጥንቱ ውስጥ ገባ። ከዚያ የቀጠነ ድምፅ ግን አልመጣም። ሚስቱን አያት፤ እጆቿ ጆሮዋ ላይ ወጥተዋል። አጠፋ። እጆቿ ወረዱ። አበራ። ወጡ። አጠፋ። ወረዱ። ሦስት ጊዜ አበራ፣ ሦስት ጊዜ አጠፋ፤ ሦስቱንም ጊዜ ሚስቱ የሰማችውን እሱ በዐይኑ ብቻ አየው።

 ማንኪያው ከእጁ ወደቀ፤ ወለሉን ሲመታ እንኳ የሰማው ድፍን ያለ ነገር ነው፣ የብረት ድምፅ አልነበረም። ሚስቱ ሁለት እርምጃ ቀርባ ክንዱን ያዘችው። ድምፅዋ ወርዷል።

«ስልክህ እኮ… ከገባን ጀምሮ ሦስቴ ጮኸ። ማንሳት ያልፈለግህ መስሎኝ ነው ዝም ያልኩህ።»

ስልኩን አወጣ። ሦስት ያመለጡ ጥሪዎች፤ ሦስቱም የሰርቪሱ ሾፌር። ዐይኑ ከስልኩ ወደ ወረቀቱ ሄደ። ያፏጫል። ሾፌሩ ሦስቴ ተመላልሶ የነገረው ይችኑ ቃል አይደል? አሸዋ ነው ያለው እሱ አይደል?  ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት አሥር ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው፤ ተማሪዎች የተለቀቁት ዘጠኝ ተኩል ላይ ነው። ሰርቪሱ አሁን ልጆቹን ጭኖ ወደ ረጅሙ ቁልቁለት እየሄደ ነው።

ደወለ። አልተነሳም። ደወለ። አልተነሳም። ለሦስተኛ ጊዜ ደወለ።

«አቤት ጋሼ! ደውዬልዎት ነበር፤ ፉጨቱ ብሶበት…»

«የት ነህ?»

«ቁልቁለቱ ጋ ልደርስ ነው።»

«ቁም! ዳርህን ይዘህ ቁም! ልጆቹን በሙሉ አውርዳቸው!»

«ምነው? ጠዋት ምንም የለውም አላሉኝም እንዴ?»

ጆሮ ሚስቱን አየ፤ ሻጯን አየ። ሠላሳ ሁለት ዓመት የገነባውን ስም አሰበ። ሰበብ ፈለገ፤ ቢፈልግ የሚያጣ ሰው አልነበረም። ግን ቁልቁለቱን ያውቀዋል፤ ከታች ያለውን ድልድይም ያውቀዋል።

«አልሰማሁትም» አለ። «ያፏጫል ስትለኝ አልሰማሁትም ነበር። ጆሮዬ አይሰማም።»

ስልኩ ውስጥ ዝም አለ። ይህንንም አልሰማሁ ይሆን ብሎ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮው አዞረ። «ሃሎ! ሃሎ!»

«ቆሜያለሁ፣ ጋሼ» አለ ሾፌሩ።

ሁለተኛው ማሽን በዚህ መሐል ማንም ሳይነካው ቡናውን ቆልቶ፣ አውጥቶ፣ አቀዝቅዞ ጨርሷል። ሻጯ ወደ በሩ ጠቆመቻቸው። «ሂዱ። ማሽኑ የትም አይሄድም።»

 ታክሲ ውስጥ ሚስቱ ወደ እሱ ዞረችና፣ በደንብ እንዲያያት ፊቷን አቀናችለት።

«ከወጥ ቤት ስጠራህ ጆሮ ዳባ ልበስ የምትለኝ መስሎኝ…» አለች። «አራት ዓመት እኮ ነው ያኮረፍኩህ። አራት ዓመት! ንቆኛል እያልኩ ስንቱን ቀን አልቅሻለሁ።»

 ጆሮ ማኩረፏንም አላወቀም ነበር። እሱ ደግሞ ዝምተኛ ሆነች እያለ ነበር የሚያማት።

ሰርቪሱ ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ዳሩን ይዞ ቆሟል። ልጆቹ ቦርሳቸውን እንዳዘሉ መንገዱ ዳር ያለው አጥር ጥግ ተደርድረዋል። ጆሮ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ ከታክሲው ወርዶ መኪናውን በክሪክ አነሳና የፊት ጎማውን ፈታ። ሳይሰማ የፈታው የመጀመሪያው ጎማ ነበር። የፍሬኑ ሸራ አልቋል፤ ብረት ብረትን እየፋቀ ዲስኩን እንደ እርሻ አርሶታል። ሌላኛውንም ፈታ። ያው ነው። ሾፌሩ ጎንበስ ብሎ አየና እጁን አናቱ ላይ ጫነ።

«ይሄንን ቁልቁለት ብወርደው ኖሮ…»

«ለምን ወደ ሌላ ጋራዥ አልወሰድከውም?» አለ ጆሮ። ድምፁ ቁጣ ይመስል ነበር፤ ቁጣ ግን አልነበረም።

«እንዴት ብዬ?» አለ ሾፌሩ። «ጆሮ ሰምቶ የለም ካለ የለም ማለት ነው ብዬ እኔም መስማቱን ተውኩት። እናቶቻቸው ሲጠይቁኝ እኮ፣ ጆሮ አይቶታል ነው የምላቸው።»

ጆሮ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ቢሰድበው በተሻለው ነበር። አጥሩ ጥግ ከቆሙት ልጆች አንዷ፣ ሁለት የፊት ጥርሶቿ ገና ብቅ ያሉ፣ ቀስ እያለች ቀረበች። ልጅ ናትና ማንን ምን እንደነካው አላወቀችም።

«ወፏን አገኛችኋት?» አለች።

«የቷን ወፍ?»

«ፍሬን ሲያዝ የምትጮኸዋን። እኛ ወፏ ነው የምንላት።»

«እንዴት ብላ ነው የምትጮኸው?»

ልጅቷ ሰው ሲጠይቃት ደስ አላት። ጥርሷን ገጥማ፣ ከንፈሯን ሳብ አድርጋ፣ አንገቷን አሰገገች። ከኋላዋ ያሉት ልጆች በሳቅ ፈነዱ፤ ሾፌሩ «ራሷ ናት!» አለ። ጆሮ የልጅቷን አፍ ትኩር ብሎ እያየ ጠበቀ።

«ጀመርሽ?» አላት።

ሳቁ ባንዴ ቆመ። ልጅቷ ግራ ገብቷት ወደ ሾፌሩ አየች።

«ጨረስኩ እኮ» አለች።

ጆሮ ከጠርዙ ተነስቶ ፊቷ ተንበረከከ። ጆሮውን ወደ አፏ አስጠጋ። «እስኪ አንዴ ድገሚልኝ፣ የኔ ልጅ። በደንብ አድርገሽ» አላት። ልጅቷ አየር ስባ ያላትን ኃይል በሙሉ አወጣች። ልጆቹ ጆሮአቸውን ያዙ፤ ሚስቱ ፊቷን አዞረች። የእሱ ጆሮ ላይ የደረሰው የልጅቷ ሙቅ ትንፋሽ ብቻ ነበር።